ያልተላከ ሻንጣ ቀረጥ

በአንድ ወቅት፣ እሱም ብዙ ያልራቀ ወቅት ነው፣ ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ትሁን አበጋዝ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። አንዲት ልጇ ብርቄ ኩዌት በሰው ቤት ትሠራለች። ትሁን ደግሞ ከገበያው በላይ ባለች ጠባብ ሱቅ የሰው ቀሚስ ትሰፋለች። ምኞቷ አንድ ነበር፤ ኦቨርሎክ የሚሉትን የጠርዝ መስፊያ ማሽን መግዛት። ጠርዝ ለማስጨረስ ልብስ እየተሸከመች የሌላ ሰው ሱቅ ደጅ መጥናት ሰልችቷት፣ ለማሽኑ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታጠራቅም ቆይታለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስልኳ ላይ መልእክት ገባ። «ከኩዌት በስምዎ የተላከ ሻንጣ ጉምሩክ ደርሷል። ዛሬ ቀረጡን ካልከፈሉ ይመለሳል» ይላል። አንብባ ሳትጨርስ ስልኩ ጮኸ። የደዋዩ ድምፅ ለስላሳ ነው፤ ሰው አክባሪ ነው።

«እናቴ፣ ከዕቃ አመላላሽ ድርጅቱ ነው የምደውለው። እንኳን ደስ አለዎት፣ ልጅዎ ሻንጣ ልካለች።»

በዚያ ከተማ ድንጋይ ቢወረወር የሚያርፈው ዐረብ አገር ልጅ ወይም ወንድም ካለው ሰው ጣሪያ ላይ ነው። ሰውየው ይህን ያውቃል። ትሁን ግን ያኔ ልቧን የሞላው «ልጄ አሰበችኝ» የሚለው ደስታ ብቻ ነበር። ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር ላከች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «ሻንጣው ውስጥ ወርቅ ተገኝቷል፤ ማስያዣ ያስፈልጋል፤ በኋላ ይመለስልዎታል» አላት። ዘጠኝ ሺህ ላከች። ከዚያ ሃያ ሺህ። በየመሃሉ «ለማንም እንዳይናገሩ፤ ወርቅ ነው፣ ሌባ ይሰማል» እያለ ይመክራታል።

በአራተኛው ጥሪ ግን ብር አልጠየቃትም። «አሁን ስልክዎ ላይ ስድስት ቁጥር ይመጣል። እሱን ብቻ ያንብቡልኝ» አለ።

ትሁን ቁጥሩን አየችው። ደብተር ያወጣችላት የባንክ ሠራተኛ «ይህን ቁጥር እኛም ብንጠይቅሽ እንዳትሰጪ» ያለቻት ትዝ አላት። 

«ሻንጣው ላይ የልጄ ስም ማን ይላል?»

«ልጅዎ ናት እያልኩዎት፣ እናቴ።»

«ስሟን ነው የጠየቅሁህ።»

ስልኩ ተዘጋ። ብርቄ ጋ ደወለች። ልጅቷ ከአሠሪዎቿ ተደብቃ በሹክሹክታ መለሰች፤ «እማዬ፣ እኔ ምንም አልላክሁም። ምነው፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ» አለችና ዘጋችው።

የስፌት ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እንባዋ መጥቶ ነበር። «አሁን ካለቀስሁ አንድ ሰዓት ይሄዳል» አለች ለራሷ። የላከችበትን ደረሰኝ አንድ በአንድ አወጣች። የተቀባዩ ስም የድርጅት አይደለም፤ የግለሰብ ነው። ሦስቱንም ጊዜ ዓይኗ ሥር ነበር፤ አላየችውም። የሒሳብ ቁጥሩን በአዝራር ካርቶን ጀርባ ላይ ጻፈች፣ ሱቋን ቆለፈች፣ ባንክ ገባች።

ሥራ አስኪያጁ ሰምቷት «የፖሊስ ደብዳቤ ይዘሽ ነይ» አላት።

«ደብዳቤው ይመጣል። ብሩ ግን እስኪመጣ ይጠብቀኛል?»

«ደንቡ ነው፣ እትዬ።»

«ደንቡ በር የሚዘጋው ሌባ ከወጣ በኋላ ነው? ለዛሬ ብቻ ያዝልኝ። ደብዳቤውን ከመዝጊያ ሰዓት በፊት ካላመጣሁ ልቀቀው።»

ሰውየው ፊቷን አየ፣ ካርቶኑን አየ፣ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ። ሒሳቡን አገደው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ዘግይተሻል» አላት። «ያንቺ ብር ወጥቷል። አሁን ሒሳቡ ውስጥ ያለው ሠላሳ አራት ሺህ ብር ነው፤ ከሃያ ደቂቃ በፊት ሌላ ሰው የላከው ነው። ያንቺ ካልሆነ ታዲያ...» እጁ እገዳውን ሊያነሣ ወደ ኮምፒዩተሩ ተመለሰ።

ትሁን ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። «የእኔ ባይሆን የአንድ ሰው ነው። አትንካው።»

ከባንክ ወደ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከጣቢያ ወደ ባንክ፣ በዚያ ፀሐይ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። ደብዳቤውን ያስረከበችው በሩ ሊዘጋ ሲል ነው።

የሠላሳ አራት ሺሁ ባለቤት እንድሪስ ሞላ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ነበር። የባጃጁ ሞተር ተቃጥሎበት፣ አዲስ አበባ ካለ ሻጭ በስልክ ሌላ ሞተር አዟል። በዚያው ማክሰኞ «ዕቃህ መናኸሪያ ደርሷል፤ ሙሉውን ክፈልና መረከቢያ ቁጥር እንልክልሃለን» ተባለ፤ ከፈለ። መናኸሪያ ሄዶ እስኪመሽ ቢጠብቅ የመጣ ነገር የለም። ሦስት ልጆች አሉት፤ ባጃጁ ከቆመ ምጣዱም ይቆማል።

በማግስቱ ስልኩ ጮኸ። ያው ለስላሳ ድምፅ ነው።

«ወንድሜ፣ ስህተት ተፈጥሮ ሒሳቡ ታግዷል። ባንክ ሂድና ‹ብድር ስከፍል ነው የላክሁት› በል። እገዳው ሲነሣ ብርህን ከነካሣው ታገኛለህ። እንዳትጠራጠረኝ፣ ሃያ ሺህ አሁኑኑ በሌላ ሒሳብ እልክልሃለሁ።»

እንድሪስ ይህን በኋላ ራሱ ለትሁን ነግሯታል። ሃያ ሺህ ብር ያገለገለ ሞተር ያስገዛል። የሚጠበቅበት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ማንም አይሰማ፣ ማንም አይጠይቅ።

«ያገደው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«አንዲት እብድ ሴትዮ።»

«እንግዲያው እብዷ ጋ ነው የምሄደው» አለው። ደረሰኙን፣ መልእክቶቹን፣ የተደወለለትን ቁጥር ሁሉ ይዞ እሷ ያመለከተችበት ፖሊስ ጣቢያ ገባና ቃሉን ሰጠ። ጉዳዩን የያዘው መርማሪ ቆይቶ እንዳለው፣ የእንድሪስ አንዲት ውሸት እገዳውን ታስነሣው ነበር። ልጆቹን ከእናታቸው ጋር አያታቸው ቤት ልኮ፣ ራሱ ሁለት ወር ሙሉ ሲሚንቶ ተሸከመ።

ትሁን ግን ያ አልበቃትም። በገበያ ቀን ከሱቅ ሱቅ፣ ከምንጣፍ ምንጣፍ እየዞረች «ሻንጣ መጣልሽ ተብለሽ የከፈልሽ አለሽ?» ትል ጀመር። አንዳንዱ ሳቀባት። አንዳንዱ ዝም ብሎ አንገቱን ደፋ፤ ያ ዝምታ የምን እንደሆነ ገባት። ወደ ማታ ግድም አንዲት በርበሬ ነጋዴ ተከትላት ሱቋ ድረስ መጣች። ስሟ ፈዲላ ይመር ነው።

«እኔ አለሁ» አለች፤ ቆማ። «አሥራ ስምንት ሺህ። የእቁብ ብሬ ነበር። ‹ወንድምሽ ከጅዳ ላከልሽ› ብሎኝ ነው። ወር ሆነኝ፤ ለባሌም አልተናገርሁም። አምባሬን ሸጬ ነው እቁቡን የምጥለው።»

«ቁጥሩ አለሽ?»

«አለኝ። ዛሬም ያነሣል። እኔን የሚያስበኝ እንደ ሞኝ ነው፤ ሞኝ እሆንለታለሁ።»

ፈዲላ በመርማሪው ፊት ደወለች። ድምፅዋን አለሰለሰች። «ወንድሜ ሁለተኛ ዕቃ ልኬያለሁ ብሎኛል፤ ሃያ አምስት ሺህ አዘጋጅቻለሁ። ስልክ ላይ መላክ ግን አልችልበትም፤ ባለፈው ልጅ ነው የላከልኝ። በእጅ ከሆነ እሰጣለሁ።» ሰውየው አቅማማ። እሷም «እንግዲያው ይቅር» ብላ ልትዘጋ ስትል፣ «መናኸሪያ፣ ነገ አራት ሰዓት» አለ።

ትሁን ያን ቀን ከመንገዱ ማዶ ቆማ ሁሉን አይታለች። ፈዲላ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በነጠላዋ ሸፍና ቆመች። ሲቪል የለበሱ ሁለት ፖሊሶች ከትኬት መቁረጫው አጠገብ ነበሩ። አንድ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ጎልማሳ መጣ፣ ጥቅሉን ተቀበለ፣ ነካ ሲያደርገው ወረቀት መሆኑን ዐወቀ። ሊሮጥ ሲል ፈዲላ ቀበቶውን ጨበጠች። ሰውየው ሴንጢ አወጣ። መዳፏን ሰነጠቀው፤ አለቀቀችም። ሌላ ጊዜ ሰነዘረ፤ አለቀቀችም። ፖሊሶቹ ሲደርሱ ጣቶቿን ከቀበቶው ላይ ያላቀቁት በልመና ነው።

የታገደው ሒሳብ የተከፈተው ከሌላ ሰው በጠፋ መታወቂያ ነበር። ሒሳቡን የከፈተው ሰው ካልታወቀ ብሩ ዓመታት ታግዶ ሊቀመጥ ይችል እንደነበር መርማሪው ነገራቸው። የተያዘው ሰው ግን አመነ፤ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ተፈረደበት። ከእሱ እጅ ሌላ የተገኘ ብር የለም፤ የሁለቱን ሴቶች ገንዘብ እንደ ጎርፍ ነው ያፈሰሰው። የቀረው ባንኩ ውስጥ ያለው ሠላሳ አራት ሺህ ብቻ ነው። የሦስቱ ኪሳራ ደግሞ ሲደመር ሰማንያ ሦስት ሺህ አራት መቶ ብር ነው።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ሦስታችሁም ተበዳዮች ናችሁ። መጀመሪያ በሽማግሌ ተነጋገሩ። ተስማምታችሁ ብትመጡ አጸድቃለሁ። ካልተስማማችሁ በሦስት ሳምንት ውስጥ እኔው እወስናለሁ» አሏቸው።

እሑድ ጠዋት በእድሩ አዳራሽ ውስጥ አቶ ቢያድግልኝ በሚባሉ ሽማግሌ ፊት ተቀመጡ። ሽማግሌው «በየተራ፣ አጠር አድርጋችሁ» አሉ።

እንድሪስ ተነሣ። «ባንኩ ውስጥ ያለው ብር መጠኑም ሰዓቱም የእኔ ነው። ቦርሳዬ ሌባ ኪስ ውስጥ ቢገኝ የእኔ መሆኑ ይቀራል? ደግሞ ዋሽቼ ማግኘት ስችል እውነት ተናግሬ ሲሚንቶ ተሸከምሁ። ዛሬ እውነቴ ያክስረኝ?»

ፈዲላ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ እጇን ዘረጋች። ጠባሳው ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ ትንሿ ጣቷ ተጋድሟል። «ሰውየው ባይያዝ ብሩ የማናችንም አልነበረም። ሁለቱ ጣቶቼ እንደ ድሮው አይታጠፉም። በርበሬ የማነሣው በዚህ እጅ ነበር። ሌላ የምለው የለኝም።»

የትሁን ተራ ደረሰ። ከቤት ስትወጣ የምትለውን አዘጋጅታ ነበር። አሁን ግን የፈዲላን መዳፍ አየች፤ የእንድሪስን በሲሚንቶ የተበላ ጣት አየች። «ይቅርብኝ» ማለት ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ይሉኝታ ግን ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ብር አይመልስም። ተነሣች።

«የእኔ ብር ወጥቶ አልቋል፤ አልክድም። ነገር ግን ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ባለቅስ ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ብር አይኖርም ነበር። የእኔ አለመሆኑን እያወቅሁ ነው ያስጠበቅሁት። ያ ምንም አይደለም የሚለኝ ካለ ዓይኔን እያየ ይበለኝ።»

 እንድሪስ ግን ቀስ ብሎ፣ «ስላስጠበቅሽልኝ አላህ ይስጥሽ። ግን የሰው ላም ከወንዝ ያወጣ ሰው ላሚቱን ይወስዳል?» አለ።

«ላሚቱን ሲያወጣ እጁ ቢሰበርስ?» አለች ፈዲላ።

«ማንም ባያወጣትስ ኖሮ?» አለች ትሁን። «ባለቤቱ ምን ነበረው?»

አቶ ቢያድግልኝ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እኩል ተካፈሉት።»

«ሠላሳ አራት ሺህ የከሰረውና አሥራ ስምንት ሺህ የከሰረችው እኩል?» አለ እንድሪስ።

«እንግዲያው በኪሳራችሁ ልክ።»

«ትንሽ የነበራት ትንሽ ትውሰድ ማለት ነው» አለች ፈዲላ፤ «ሴንጢው ግን በኪሳራዬ ልክ አልቆረጠኝም።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሡ። በመጨረሻ «የሚመጣው እሑድ ተመለሱ። እያንዳንዳችሁ በሌላችሁ ቦታ ሆናችሁ አስባችሁ ኑ» ብለው ተነሡ።

ሦስቱም አብረው ወጡ። የእንድሪስ ባጃጅ እንደቆመች ናት፤ ስለዚህ ሁሉም በእግራቸው ወደ አስፋልቱ ወረዱ። ጭቃው ጋ ሲደርሱ እንድሪስ ፈዲላን በደህናው እጇ ይዞ አሻገራት፤ ትሁንም የፈዲላን ዘንቢል ተቀበለቻት። ስለ ብሩ ማንም አላነሣም፤ ማንም ግን የይገባኛል ጥያቄውን አልተወም። ትሁን እየሄደች በእንድሪስ ቦታ ሆና አሰበች፤ ብሩ የእሱ መሰላት። በፈዲላ ቦታ ሆና አሰበች፤ የፈዲላ መሰላት። ወደ ራሷ ስትመለስ ደግሞ የራሷ ነው።

እናንተስ በሽማግሌው ወንበር ብትቀመጡ? አንዷ ቀድማ በሩን ዘጋች፤ አንዱ የራሱን ገንዘብ በውሸት አላስወጣም፤ አንዷ ሌባውን በደሟ ያዘች። ሠላሳ አራት ሺሁ ብር የሚገባው ለማን ነው?