የማይሸነፉት ፊታውራሪ

«እንደኔ ያለ ካርታ ተጫዋች አልተወለደም» የሚሉ አንድ ፊታውራሪ ነበሩ። ዓይናቸው ስለደከመ ካርታቸውን ወደ ብርሃን ዘርግተው ይይዛሉ፤ ተጫዋቹ ሁሉ ያየዋል። ሆኖም አብረዋቸው የሚጫወቱት ሹመት ፈላጊ ደጅ ጠኚዎች ስለሆኑ ፊታውራሪው ተሸንፈው አያውቁም።

አንድ ቀን ለአቤቱታ የመጣ ምላሱ የሰላ ባላገር ይህን አይቶ ሳቁ አመለጠው።

ፊታውራሪው ተቆጥተው፣ «ካርታ ዕድል ነው ወይስ ችሎታ? ዕድል ነው ካልክ ንቀኸኛልና ትገረፋለህ፤ ችሎታ ነው ካልክ ግጠመኝ፤ ከተሸነፍክ አቤቱታህን ይዘህ ትወጣለህ» አሉት።

ባላገሩ እጅ ነሳና፣ «ጌታዬ፣ ሁለቱም ነው። ዕድሉ የእርስዎ ነው፤ ችሎታው የደጅ ጠኚዎችዎ። ካርታውን እያሳየ ለሚጫወት ሰው መሸነፍ ትልቅ ሙያ ነው! እኔ ያን ሙያ አልተማርኩምና፣ ከምንገጥም ለክብርዎ ሲባል ብገረፍ ይሻላል» አላቸው።