ለስድስት መቶ መጥረጊያ አንድ ፊርማ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ዕቃ ሁሉ በአንድ ላይ በሚገዛ ኤጀንሲ የምትሠራ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ፣ መጥረጊያና ሳሙና ከጠየቀች ሦስት ወር አልፏታል። መልሱ ሁሌም "ግዢው በማዕከል ነው፣ ጠብቂ" ነው።

አንድ ጠዋት ዋና ዳይሬክተሩ አቶ ልዑልሰገድ ቢሮአቸው አስጠሯት። ከሰዓት በኋላ ኦዲተሮች ይመጣሉ። ስድስት መቶ መጥረጊያ ተረክቤአለሁ የሚል ወረቀት ገፉላት።

"ፈርሚ።"

"መጥረጊያው የታለ፣ ጌታዬ?"

"አንቺ ሴትዮ፣ አሠራር አታውቂም እንዴ? መጀመሪያ ይፈረማል፤ ዕቃው ቀስ ብሎ ይደርሳል። እምቢ ካልሽ ከነገ ጀምሮ በዚህ በር እንዳትገቢ!" አሏትና አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ሽንት ቤታቸው ጠቆሙ። "ይሄንንም አሁኑኑ አጽጂ። እንግዶቹ የሚገቡት እዚህ ነው።"

ሴትየዋ እስክሪብቶውን አንስታ ወረቀቱን ገለበጠችው። በጀርባው "የዳይሬክተሩ ሽንት ቤት በሚገባ ጸድቷል" ብላ ጻፈችና መልሳ ገፋችላቸው።

"እርስዎ ይቅደሙ፣ ጌታዬ። መጀመሪያ ይፈረማል፤ ጽዳቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል። እንግዶቹን ሽታው ካስቸገራቸው ፊርማዎን ያሳዩአቸው።"