አቤት ያለችው ዳር

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» በሉኝ እንጂ ዝም አትበሉኝ፤ ዝም ካላችሁኝ እኔንም ከነተረቴ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ድሮ ድሮ፣ ጉም ሐይቅ ላይ ተኝቶ በሚያረፍድበት አገር፣ ውሃና መሬት ሚስትና ባል ነበሩ። በሁለቱ መካከል አንዲት ጠባብ፣ እርጥብ ስፍራ ነበረች፤ ስም ግን አልነበራትም። ደንገል የሚባለው የሐይቅ ሣር የበቀለው እሷ ላይ ነው፤ ከደንገሉም ታንኳ ተወለደች። ታንኳ ቀን ቀን እናቷ ውሃ ላይ ስትንሳፈፍ ትውልና፣ ሲመሽ ሆዷን አሸዋው ላይ «ዳርር» አድርጋ ትወጣለች። እዚያው ስትደርቅ ታድራለች። ደንገል ናታ፤ ውሃ ስትጠጣ ካደረችማ መስጠሟ ነው።

አንድ ቀን ባልና ሚስቱ በዚያች ስፍራ ተጣሉ። ውሃ፣ የማጠጣት እኔ ነኝና የኔ ናት አለች። መሬት፣ አፈሯ አፈሬ ነውና የኔ ናት አለ። እሷ በንዴት ሞልታ ስፍራዋን ዋጠቻት፤ እሱ አኩርፎ ገደል ሆኖ ቆመ። ስፍራዋንስ ማን ይጠይቃት? ስም የሌለውን ማን ይጠራል?

አመሻሽ ላይ ታንኳ ከብዳ ተመለሰች።

«እናቴ ውሃ፣ ደክሞኛል፤ አሳርፊኝ» አለች።

«ነይ ልጄ፣ እቅፌ ሰፊ ነው» አለቻት ውሃ። እቅፏ ግን ታች ነው፣ ጥልቁ ውስጥ።

«አባቴ መሬት፣ አውጣኝ» አለች።

«ውጪ፣ ማን ከለከለሽ?» አላት መሬት። ገደሉን በምን እግሯ ትውጣው!

ሁለቱም ይወዷታል፤ ግን እልህ ይዟቸዋል። ታንኳ ጎኗ እየራሰ፣ እየራሰ፣ ዝቅ አለች። ፍርሃት ገባት። ያኔ እንደ ሕልም የየምሽቱ ድምፅ ትዝ አላት፤ ሆዷ አሸዋው ላይ ሲያርፍ የሚሰማው።

«ዳር» ብላ ተጣራች። «ዳር፣ አንቺ ዳር አድርሺኝ።»

ከውሃው ሥር፣ ተጠርታ የማታውቀው ስፍራ ስሟን ሰማች።

«አቤት» አለች።

ውሃ ደነገጠች። ልጇን ልትቀብር እንደነበር ገባትና አፍራ ሸሸት አለች። መሬትም አንገቱን ደፋ፤ ገደሉ ጋደም ብሎ ለስላሳ ቁልቁለት ሆነ። ዳር ብቅ አለች፤ ታንኳም «ዳርር» ብላ አረፈችባት።

ከዚያ ወዲህ ሥራ የጀመረ ሰው «ዳር ያድርስልህ» ተብሎ ይመረቃል። ትዳር የሚለውም ቃል ሆዱ ውስጥ ዳር አለችበት፤ ያገባችሁ ልብ በሉ። «የኔ፣ የኔ» የሚሉ ወላጆች የልጃቸውን ማረፊያ ያሰጥማሉ።

እኔም ተረቴን ዳር አደረስኩ፤ እናንተ አፌን በዓሣ አብሱልኝ።