የመስታወት ጥርስ

ሚስቴ የትናየት ከሞተች ሃያ ሦስት ቀን ሆናት።

የስድስት ዓመት ልጃችን ማርዳ ለቅሶ ሊደርሱ በመጡ ሰዎች ፊት የእናቷን አስነጣጠስ አስመስላ አነጠሰች። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ተቆጣኋት። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። በማግስቱ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምንሠራበት ቤት፣ አለቃዬን ጋሽ ተካልኝን፣ «ሐዘን ቤት መሳቅ ነውር አይደለም?» አልኳቸው። ሞረዳቸውን አስቀመጡ።

«አንድ መስታወት ሠሪ ነበረ» አሉ። «በመስታወቱ ንጽሕና ይኩራራል። አቧራ ይዛ እንዳትገባ ሚስቱን እንኳ ከምድጃው አያስጠጋም። የፊት ጥርሱ የወለቀ ሀብታም መጣና፣ ‹ልጄን ልድር ነው፤ ጥርስ ሥራልኝ› አለው። ጥርት ያለ ጥርስ ሠራለት። ሀብታሙ ገጥሞት ፈገግ አለ።

‹ጥርሱ የታለ?› አለች የሠሪው ሚስት ከበሩ ላይ ሆና። ወዲያ ማዶ ያሳያል፤ ሽንቁሩ እንዳለ ነው። ጥርሱ ደግሞ ለቦታው ሰፍቷል። ሠሪው ሊያጠበው በመሰርሰሪያ ቢነካው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ሁለተኛውም፣ አምስተኛውም እንዲሁ። ሠርጉ ሦስት ቀን ቀረው።

ሚስቱ ገብታ ከቀለጠው መስታወት ላይ አንዲት ቁንጥር የድንጋይ ዱቄት ጣለች።

‹ንጹሑን አበላሸሽው!›

‹አበላሸሁት። ሲበርድ መልሰህ አሙቀው።›

መልሶ ሲያሞቀው እንደ ወተት ነጣ። ከዱቄቱ ተነሥተው እንደ ቅርፊት የሳሱ ጥቃቅን ቅንጣቶች በውስጡ በቅለው ነበር። መሰርሰሪያው ሲነካው ስንጥቅ ይጀምራል፤ ጥቂት ሄዶ ከቅንጣት ይጋጫል፤ እዚያው ይቆማል። እንደ ሳሙና ተቀረጸ። ሠሪው ደስ ብሎት ለሌላ ጥርስ ባቀለጠው መስታወት ላይ እፍኝ ሙሉ ዱቄት ጨመረ። ያ እጁ ላይ ፈረሰ። ‹ቁንጥር ነው ያልኩህ!› አለችው። ሀብታሙ በነጩ ጥርስ ሠርጉ ላይ አጥንት ጋጠበት።»

ጋሽ ተካልኝ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሐዘንህ መስታወቱ ነው። የልጅቱ ማስነጠስ ያቺ ቁንጥር ናት። ሐዘኑን አታሳንሰውም፤ ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር እንዳይሄድ ታቆመዋለች እንጂ። አንተ ግን ሐዘኔ ይጥራ ብለህ ልጅህን ከምድጃው ታባርራለህ። ተነሥ፣ ቤትህ ሂድ።»

ሄድኩ። ማርዳ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ቆሜ እንደ እናቷ ሦስት ጊዜ አነጠስኩ።

ቀና ብላ አየችኝ።

«እማዬ አራቴ ነው» አለች።

አራተኛውን አነጠስኩ።