ዶፍ እየወረደበት የተቀመጠው አዳኝ

አንድ አዳኝ ነበረ። ወደ በሩ አትመልከት፣ ቢያድግልኝ፤ ጥያቄህን የምመልስልህ በዚሁ አዳኝ ነው። «የኔታ፣ ከጠብ በኋላ ሦስት ቀን ሳያልፍ ለዕርቅ አትሂዱ ብለው ያስተማሩን እርስዎ ራስዎ አይደሉም ወይ? ታዲያ ዛሬ ለምን ያጣድፉኛል?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ጠዋት ጠየቅኸኝ፣ መለስኩልህ። ከምሳ በኋላ መጥተህ ጠየቅኸኝ፣ መለስኩልህ። አሁን ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ይዘህ መጣህ። ታላቅ ወንድምህን እሑድ በሰው ፊት አዋርደኸዋል። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ነገ ጠዋት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ላይመለስ ቆላ ሊወርድ ዕቃውን እየቋጠረ ነው። አንተ ግን እዚህ ተቀምጠህ ቀን ትቆጥራለህ። በቀጥታ ስነግርህ ካልገባህ እንግዲህ ምን ላድርግ፣ በአዳኝ ልንገርህ።

ይህ አዳኝ የሚኖረው ደጋ ላይ፣ ጫካ ጥግ፣ አሥራ አንድ ቤት ባለበት መንደር ነው። ጠመንጃ የለውም፤ የሚያድነው በደጋንና በፍላጻ ነው። በዚያ ዓመት ሰብሉን በረዶ መትቶት ነበርና ሐምሌ ሲጋመስ ከየጎተራው እህል አለቀ። ሰው ጎመን ቀቅሎ ያድር ጀመር። የሰኔ ጾም ተፈቷል፤ ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቷል። ሥጋ ቢገኝ የሚበላው በእነዚያ ቀኖች ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢገኝም አይበላም። ስለዚህ የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ አዳኙን «እባክህ ውጣልን» አለው። ጫካው ውስጥ አጋዘን አለ። አንድ አጋዘን ከወደቀ አሥራ አንዱም ቤት ድስት ይጥዳል።

ሚስቱ የጎተራውን ጥግ ጠርጋ የተራረፈችውን ገብስ ቆላችና አንድ እፍኝ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችው። በቤቱ የቀረው እህል እሱ ብቻ ነበር። የሚስቱ ወንድም ደግሞ ሥጋውን በመሸከም ሊያግዘው አብሮት ወጣ።

ከቤት ሲወጡ ያካፋ ነበር። ሌላ አዳኝ ቢሆን ቤቱ ይቀመጣል። ይኼኛው ግን ሥራውን ያውቃል፤ በዚህ ልከሰው አልፈልግም። ቅጠል ሲርስ እግር ሥር አይንኮሻኮሽም። ዝናብ የሰውን ጠረን ወደ መሬት ይጥላል። ችግሩ የደጋኑ ጅማት ነው፤ ከራሰ ይላላል፣ ፍላጻውም አቅም ያጣል። እሱ ግን ጅማቱን በሰም አሽቶ፣ ጠቅልሎ፣ ብብቱ ውስጥ ይዞት ሄደ። ትኩስ ዱካ እስኪያገኝ ድረስ ደጋኑ ላይ አልወጠረውም።

ረፋድ ላይ አጋዘኑን አገኙት። ቀንዱ የተጠማዘዘ ትልቅ ወንድ ነው፤ ከቁጥቋጦ አጠገብ ቆሞ ቅጠል ይቀነጥባል። አዳኙ በጭቃው ውስጥ በሆዱ እየተሳበ ሃያ እርምጃ እስኪቀረው ተጠጋ። በዝናብ ከዚያ አርቆ እንደማይመታ ያውቃል። ደጋኑን ሳበ፣ ለቀቀ። ፍላጻው ከጎድኑ ወደ ኋላ ገባ። አጋዘኑ ዘለለ፣ ተንገዳገደ፣ ወደ ጫካው ገባ። በሄደበት ሁሉ ቅጠሉ ላይ ደም ነበረ። እስከዚህ ድረስ እንከን ብትፈልግ አታገኝበትም።

አሁን ልብ ብለህ ስማ። አዳኙ ከአባቱ የወረሰው ሥርዓት አለ። የተወጋ አውሬ ወዲያው ከተከተሉት በድንጋጤ ተራራ ይሻገራል፤ ከተዉት ግን ይደክመውና ቅርብ ቦታ ይተኛል። ስለዚህ በእነሱ አገር ፍላጻ የለቀቀ አዳኝ ቁጭ ብሎ አንድ እፍኝ ቆሎ አንድ በአንድ ይቆረጥማል። ቆሎው ሲያልቅ ይነሣል፤ ደሙን ተከትሎ ሄዶ የተኛውን ያገኛል። ጥሩ ሥርዓት ነው። የብዙ ሰው ድካም ያለበት ሥርዓት ነው። ነገር ግን አባቱ የሚያድነው በጥርና በየካቲት ነበር። በዚያ ወራት ደም ቅጠል ላይ ደርቆ ሦስት ቀን ይቆያል።

ታዲያ ይህ ሰው ምን አደረገ? ተቀመጠ! ካፊያው ወደ ዶፍ ሲለወጥ እያየ ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ። ጨርቁን ፈታ። አንድ ፍሬ አነሣ፣ ቆረጠመ፣ አላመጠ፣ ዋጠ። ሌላ ፍሬ አነሣ።

የሚስቱ ወንድም ቆሞ ያያል። ደሙ ከቅጠሉ ላይ እየታጠበ ወደ መሬት ይወርዳል። ይህ ሰው አዳኝ አይደለም፣ ደጋን ይዞም አያውቅም፤ ዐይን ግን አለው።

«ኧረ ባክህ እንነሣ! ደሙ እኮ እየሄደ ነው!» አለው።

«ገና ነው» አለ አዳኙ።

«ዝናቡ አይታይህም?»

«ይታየኛል። ቆሎው አላለቀም።»

አየህልኝ? ይታየዋል! ዕውር ቢሆን እኔም አላዝንበትም ነበር። ይህን ታሪክ ስናገር ስንት ዓመቴ ነው፣ እዚህ ቦታ ስደርስ ግን ሁልጊዜ ያንን ቆሎ ከእጁ ነጥቄ ገደል ብሰደው ደስ ይለኛል። የሚስቱ ወንድምም እንደዚያው አማረው፣ እጁንም ዘረጋ። አዳኙ ግን «ያባቶቼን ሥርዓት አታፍርስ» ብሎ ተቆጣው። ሰውዬው አፈረና እጁን ሰበሰበ፣ በዝናቡም ውስጥ ቆሞ የአማቹን መንጋጋ ሲንቀሳቀስ ተመለከተ።

ቆሎው አለቀ፣ ተነሡ። ከቁጥቋጦው ሥር፣ ጎርፉ ካልደረሰበት ቅጠል ላይ፣ አንድ ጠብታ ደም አገኙ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ኮቴው የረገጠበት ቦታ ውኃ ሞልቶ ከሌላው መሬት ጋር ተመሳስሏል። ወደ ላይ ወጡ፣ ወደ ታች ወረዱ፣ ሸለቆውን ዞሩ። እስኪመሽ ፈለጉ፣ አላገኙም።

መንደር ሲገቡ አንዲት ባልቴት በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። አዳኙ ወጣ ሲባል ድስት ጥደው፣ ውኃ አፍልተው ነበር። «ምነው ባዶ እጃችሁን?» አሉ። አዳኙም ፍላጻው የት እንደገባ፣ ስንት እርምጃ ላይ እንደነበረ፣ እንዴት እንደተቀመጠ ነገራቸው። «እኔ ከሥርዓቱ ያጎደልኩት የለም፣ እማማ» አላቸው። እሳቸውም «እሺ ልጄ» ብለው ገቡና እሳቱን አጠፉ።

በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ትንሽ ሲገልጥ አሞራ ሲዞር ታየ። ሄዱ። ጅብ የጨረሰው አጥንትና ያ የተጠማዘዘ ቀንድ ከአንድ ዝግባ ሥር ወድቆ አገኙት። የሚስቱ ወንድም ከዚያ ተነሥቶ አዳኙ ቆሎ እስከ ቆረጠመበት ድንጋይ ድረስ በእርምጃ ለካው። መቶ ሰማንያ እርምጃ ነው። አጋዘኑ አባቱ እንዳለው ቅርብ ቦታ ተኝቶ ነበር። ያን ቀን ሙሉ በሕይወት ሆኖ እየተሠቃየ ሳይተኛ አልቀረም። ሥርዓቱ አልዋሸም፤ የዋሸ የለም። የጠፋው ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ገና አፍህን ስትከፍት የምትለውን አውቄዋለሁ። «የኔታ፣ አዳኙ የሚከተለው ሊገድል ነው፣ እኔ ደግሞ ወንድሜን…» ልትለኝ ነው። ተው! ምሳሌ ነው! ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቢላዋውን ብቻ መዝዘህ አታውጣብኝ። አዳኙ አንተ ነህ፣ የተወጋው ወንድምህ ነው፣ ሦስቱ ቀን ቆሎህ ነው፣ ዝናቡ ነገ ጠዋት የሚነሣው ጉዞ ነው። ከዚህ በላይ እንዴት አድርጌ ልፈጭልህ?

አዎ፣ ሦስት ቀን ቆዩ ብያለሁ፤ አልክድም። ያልኩት ግን በድንበር ተጣልተው ዱላ ለተማዘዙት ለሁለቱ ጎረቤታሞች ነው። ሁለቱም ተቆጥተው ነበር። ደግሞም ሁለቱም የትም አይሄዱም፤ በአራተኛው ቀን እዚያው አጥራቸው ሥር ይገኛሉ። ቁጣ ሲቆይ ይበርዳል። ወንድምህ ግን መቼ ተቆጣ? ማኅበርተኛው ሁሉ በተቀመጠበት «አንተ እዚህ ቤት የገባኸው በእናታችን ጀርባ ታዝለህ ነው፤ ያባቴ መሬት አያገባህም» አልከው። ቃሉን እዚያው ተቀምጬ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሱ ዱላ አነሣ? መለሰልህ? የያዘውን ብርሌ መሬት ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ፣ ነጠላውን አጣፋ፣ «ደኅና ዋሉ» ብሎ ወጣ። አባትህ ሲሞት አንተ ገና ድክ ድክ ትል ነበር፤ ያንን መሬት አርሶ ያሳደገህ እሱ ነው። ይህ ሰው ተወግቶ እየደማ ሄዷል። ከሄደ ወዲህም ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጠህ ትቆረጥማለህ። ነገ በቅሎው ከተጫነች በኋላ፣ የት ቆላ፣ የማን ቀዬ ብለህ ትከተለዋለህ? ያኔ እኔ ዘንድ መጥተህ «የኔታ፣ እኔ ከትምህርትዎ ያጎደልኩት የለም» ልትለኝ ነው። እግዚአብሔር ያሳይህ፣ ያን ቀን በዚህ መቋሚያ ነው የምቀበልህ።

እሺ፣ ገባህ። ተመስገን። ታዲያ ምን ያቆምሃል?

ምን? እስቲ ድገመው። «ዝናቡ ትንሽ ጋብ ይበልልኝና»?

አምላኬ ሆይ፣ ለምን እኔን መምህር አደረግኸኝ!

አይሆንም፣ በርኖሴን አልሰጥህም። እጅህን ከበርኖሴ ላይ አንሣ! እንዲሁ ርሰህ ሂድ። ደጁ ስትደርስ ምን እንደምትል ደግሞ አትጠይቀኝ። ምንም አትበል፤ ውኃው እየወረደብህ በሩ ላይ ቁም። ሲያይህ ቂሙን ከማስታወሱ በፊት «ግባ እንጂ፣ ብርድ ይመታሃል» ይልሃል። ሕፃን ከነበርክ ጀምሮ ሲልህ የኖረው ነውና አፉ ይቀድመዋል። ያኔ ግባና እግሩ ላይ ውደቅ።

በል፣ ውጣ!