አትመልሺው

አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን አልነግራችሁም፤ ታሪካቸውን እንድነግራችሁ ግን ራሳቸው ፈቅደውልኛል። «እኔ የተማርኩት በስተርጅና ነው፣ እነሱ እንኳ ቶሎ ይማሩት» ብለውኛል።

እኚህ እናት ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማሩ መምህርት ናቸው። በአዲስ አበባ ዳር፣ ወደ አያት በኩል፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነበራቸው። ሰባት ክፍል፣ ሦስት መታጠቢያ ቤት፣ ሲሚንቶ የተነጠፈ ግቢ፣ አጥሩ ላይ እሾሃማ ሽቦ። ከባለቤታቸው ጋር ሆነው፣ ብሎኬት በብሎኬት ላይ እየጨመሩ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት የሠሩት ቤት ነው። ልጆቹ እንዲሰፉበት ብለው ሠሩት። ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ልጆቹም አድገው ወጡ፤ አንዷ ድሬዳዋ አገባች፣ ሁለቱ ባሕር ተሻገሩ። ቀጥሎ ባለቤታቸው ዐረፉ።

እና እኚህ እናት ምን ሲያደርጉ ይውሉ ነበር? ማንም ያልተኛበትን አልጋ ያነጥፉ ነበር። ማንም ያልረገጠውን ወለል ይወለውሉ ነበር። ስድስቱን ክፍል አጽድተው ሲጨርሱ ሰባተኛው ውስጥ ገብተው ይተኙ ነበር። ይህን ኑሮ የምታውቁት ስንቶቻችሁ ናችሁ? እጅ አውጡ አልልም፤ እያንዳንዳችሁ ለራሳችሁ መልሱ።

አንድ ቀን ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩ ሽማግሌ ሞተው ተገኙ። ማን አገኛቸው? ልጅ አይደለም፣ ዘመድም አይደለም። የውኃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሠራተኛ ነው ያገኛቸው፤ ያውም በአራተኛው ቀን። እኚህ እናት ከቀብር ተመልሰው የብረት በራቸውን እንደቆለፉ አንድ ጥያቄ ያዛቸው። «እኔስ በስንተኛው ቀን ነው የምገኘው?» ከዚያ ወዲያ ጥያቄው አብሯቸው ይበላል፣ አብሯቸው ይተኛል።

ስለዚህ ቤቱን ሸጡ። እናታቸው ወደተወለዱበት ወደ ቡልጋ ገጠር ገቡ፤ ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን። ቡፌውን ለእህታቸው ልጅ፣ ሶፋውን ለሰንበት ትምህርት ቤት፣ ምንጣፉን ለጠየቀ ሁሉ ሰጡ። ይዘው የሄዱት አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቂት የማድ ቤት ዕቃና አንዲት ሬዲዮ ነው። ገጠር ሰው ሰውን ያያል፤ ከቤትህ ጭስ ካልወጣ ጎረቤት ምነው ብሎ ይመጣል። እሳቸውም ይህንን ፈልገው ነው የሄዱት። ዓለምን ንቀው ሄዱ ተባለላቸው። እኔም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ እዚሁ ቆሜ ስማቸውን ሳልጠራ አመስግኛቸዋለሁ። ሰባኪም አንዳንዴ ይቸኩላል።

የገቡት በመስከረም መጨረሻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ይርገዱ የምትባል ጎረቤታቸው መጣች፤ የአምስት ልጆች እናት ናት። ወንፊት ያውሱኝ አለቻቸው። እሳቸው ሁለት ወንፊት ነበራቸው፤ ሰው በሩን አንኳኩቶ በመጠየቁ ደስ አላቸውና አዲሱን አውጥተው ሰጧት። «ውሰጂው የኔ ልጅ፣ አትመልሺው፤ ለእኔ አንዱ ይበቃኛል» አሏት። ይርገዱ ወንፊቱን በእጇ እንደያዘች ትንሽ ቆመች። ከዚያ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ሄደች።

በሳምንቱ የባቄላ እሸት በሰፌድ ይዛ መጣች። እሳቸው ምን አሉ? እኛ ጨዋ ሰዎች የምንለውን አሉ። ለምን ተቸገርሽ፣ ለልጆችሽ ይሁን ብለው ከነሰፌዱ መለሷት። ባሏ መጥረቢያ ሊዋስ ሲመጣ እዚያው አስቀረው አሉት። ለዝክር ትልቅ ድስት የጠየቁትንም ሴቶች ድስቱ ለማኅበሩ ይሁን ብለው ሸኟቸው። ልብ በሉ፣ ክፉ ነገር አልሠሩም። ሰጡ እንጂ አልነፈጉም።

ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም።

ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ፣ ጥር አለፈ። ሰላምታ አልተጓደለባቸውም፤ በመንገድ ያገኛቸው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይልፉ ይላቸዋል፣ ያልፋሉ። በራቸው ላይ ቆሞ የሚጣራ ግን ጠፋ። በሰባት ክፍል ተበትኖ የነበረው ዝምታ አሁን በሁለት ክፍል ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ሬዲዮ ከፍተው ከዜና አንባቢው ጋር መከራከር ጀመሩ። ለአንድ ሰው መሥራት አልለመድ ብሏቸው የሠሩትን ወጥ ሦስት ቀን ይበሉታል። ድሬዳዋ ላለችው ልጃቸው ስልክ ደውለው ባላገሩ እንደ ድሮው አይደለም፣ ሰዉ ሁሉ ሸሽቶኛል አሏት። ልጅቱ እኔ ጋ ነይ ብትላቸው ደግሞ አንቺን ለማጨናነቅ ነው እንዴ ብለው ስልኩን ዘጉ። ያ ጥያቄም ከአዲስ አበባ ተከትሏቸው መጣ። እዚህስ በስንተኛው ቀን?

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ወደ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ቆረጠው። የቡታጋዙ ሲሊንደር አለቀ፣ ክብሪቱ ረጥቦ አልጫር አለ። የይርገዱ ቤት ከአርባ እርምጃ አይርቅም፤ ጭሱ በክዳኑ ላይ ሲወጣ በመስኮት ይታያቸዋል። ሄደው እሳት ቢጠይቁ ምን ነበረበት? ሰው ማስቸገር አይወዱማ! ሁለት ቀን ሙሉ በሶ በቀዝቃዛ ውኃ እየበጠበጡ ጠጡ። እሳቸው የሚያበስሉት ድሮም በቡታጋዝ ስለሆነ ከቤታቸው ጭስ ወጥቶ አያውቅም፤ ጭሱ ቀረ ብሎ የሚደነግጥ ጎረቤትም አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ አላቸው፤ ከዚያ ትኩሳቱ ተከተለ። ብርድ ልብስ ተከናንበው ቀኑን በጣታቸው ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት። ነገ ሦስት ነው። በአራተኛው ቀን ማን ይመጣል? እዚህ እኮ የውኃ ቆጣሪ እንኳ የለም። ፈሩ፤ ይህን አልደበቁኝም። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም ነው ያሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተነሡ። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ የቆርቆሮ ጣሳ ይዘው፣ ያንን አርባ እርምጃ በጭቃው ውስጥ ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው አልወጣ አለ። ሠላሳ አራት ዓመት ክፍል ሙሉ ተማሪ ጸጥ ሲያሰኝ የኖረ ድምፅ ነው። በመጨረሻ «ቤቶች» አሉ።

ይርገዱ «ደጆች» ብላ ወጣች። ይግቡ አለቻቸው፣ ገቡ። ይቀመጡ አለቻቸው፣ አልተቀመጡም። ጣሳቸውን እንደያዙ ከምሰሶው አጠገብ ቆሙ።

«ምነው እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ እሳት ሊጭሩ ነው እንዴ የመጡት?» አለቻቸው። የቸኮለ እንግዳ ሲገጥመን ሁላችንም እንዲህ እያልን እንቀልዳለን።

«አዎ፤ እሳት ልጭር ነው የመጣሁት» አሉ እሳቸው።

ይርገዱ ሳቅ ጀምራ አቋረጠችው። ጣሳውን አየች። ደግፋ አስቀመጠቻቸውና ትኩስ አጥሚት ሰጠቻቸው። እሳቸውም ሲሞቃቸው ጊዜ ለዘጠኝ ወር በሆዳቸው የያዙትን አወጡት፤ ምን አድርጌያችሁ ነው የራቃችሁኝ ብለው ጠየቋት።

ይርገዱ ወደ ግድግዳው አሳየቻቸው። ወንፊቱ ተሰቅሏል፤ ዱቄት ነክቶት አያውቅም።

«አልነፋሁበትም እትዬ። እኔ የጠየቅሁት ውሰት ነው። ስመልስ ቁጭ ብለን ልንጫወት፣ እርስዎም የቸገርዎ ቀን ወደ እኔ ሊመጡ ነበር ሐሳቤ። አትመልሺው ሲሉኝ፣ አትመለሺ ያሉኝ መሰለኝ።»

ሰማችሁ? አትመልሺው፣ አትመለሺ። እሳቸው አንዱን ተናገሩ፣ እሷ ሌላውን ሰማች። እውነቱን ከተናገርን ደግሞ አልተሳሳተችም። በዚያ አገር የተዋሱት ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ወንፊት ሄዶ ከእሸት ጋር ይመለሳል፣ ሰፌድ ሄዶ ከሁለት እንቁላል ጋር ይመለሳል። ዕቃው ሲመላለስ ሰው ይመላለሳል። እኚህ እናት ሶፋ ቀነሱ፣ ቡፌ ቀነሱ፣ አምስት ክፍል ቀነሱ። የሰው እጅ አላይም የሚለውን ነገራቸውን ግን ከአልጋው ጋር አስጭነውት መጥተዋል።

አለቀሱ። በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ሰው ቤት ተቀምጠው፣ አለቀሱ። ይርገዱም ዝም በሉ አላለቻቸውም፤ አጠገባቸው ተቀምጣ ጠበቀቻቸው።

ሊወጡ ሲሉ ጣሳው እጅ ያቃጥላል ብላ ፍሙን በገል ላይ አደረገችላቸው፤ በተሰበረ እንስራ ስባሪ ላይ ማለት ነው። አመድ አልብሳ ሰጠቻቸውና «ገሉን ግን ይመልሱልኝ፣ እፈልገዋለሁ» አለቻቸው።

ገል ነው እኮ ወገኖቼ! መንገድ ላይ ወድቆ ብታዩት በእግራችሁ ገፍታችሁ የምታልፉት ስባሪ ነው። እሷ ግን እፈልገዋለሁ አለች። እሳቸውም በማግስቱ ትንሽ ስኳር በወረቀት ጠቅልለው ገሉ ላይ አስቀመጡና ይዘው ሄዱ። ይርገዱ ለምን ተቸገሩ አላለችም። ተቀበለቻቸው፤ ተቀምጠው እስከ ምሳ ተጫወቱ።

ብቸኝነታቸው ያን ቀን ጠፋ ብዬ አልዋሻችሁም። ባለቤታቸው ከመቃብር አልተነሡም፣ ልጆቻቸውም በያሉበት ሩቅ ናቸው። የክረምት ከሰዓት ዛሬም ይረዝምባቸዋል። አንዳንድ ቀን አሁንም ከዜና አንባቢው ጋር ይጣላሉ። ነገር ግን ጠዋት የሬዲዮው ድምፅ ካልተሰማ ይርገዱ በራቸው ላይ ናት። ያ ጥያቄ መልስ አገኘ፤ በመጀመሪያው ቀን፣ ከቁርስ በፊት።

እናንተስ?

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ትላላችሁ፤ በተረት ማን ይችላችኋል! ለመሆኑ ባለፈው አንድ ዓመት ከጎረቤታችሁ ምን ተዋሳችሁ? ጨው? መሰላል? ጃንጥላ? አስቡት እስቲ። እኔ ሳስበው አንድም ነገር አጣሁና አፈርኩ። መስጠቱንስ ለምደነዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰጪ ሆኖ መኖር ደግሞ ደስ ይላል፤ እጃችን ሁልጊዜ ከላይ ነዋ። እጅን ገልብጦ መዘርጋት ሲመጣ ነው የሚያቅተን። ጎረቤታችን ሲሰጠን ለምን ተቸገርክ እንለዋለን። ልጃችን ልምጣ ሲል ሥራህን አትፍታ እንለዋለን። በበዓል ማግስት ሰው ሁሉ ረሳን ብለን እናማርራለን። ማን ነው በሩን የዘጋው?

ጌታችንን ተመልከቱት። ሰማይና ምድር የእሱ ሆነው ሳለ፣ በቀትር ደክሞት የውኃ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀመጠና ከአንዲት ሴት ውኃ ለመነ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አህያ ተዋሰ፤ ያውም እመልሳለሁ ብሎ ልኮ። ቸግሮት ነው? የሁሉ ባለቤት ምን ይቸግረዋል? ያቺ ሴት ግን ስጪኝ ባይላት ኖሮ እንስራዋን ሞልታ ዝም ብላ ትሄድ ነበር። ስጪኝ ማለት እሱን ካላሳፈረው እኛን ምን አሳፈረን?

አሁን የምለውን ስትሰሙ ትቆጡኝ ይሆናል። ሁላችን የምንወደው አንድ ጸሎት አለ። አረጋውያን በየማለዳው ትጸልዩታላችሁ፤ እኔም ጉልበቴን ባመመኝ ቁጥር እጸልየዋለሁ። ማንንም ሳላስቸግር ውሰደኝ የሚለው ጸሎት ነው። ጨዋ ጸሎት ይመስላል፣ አይደል? እግዚአብሔር ቢሰማንስ? እንዳላችሁት ይሁን ቢለንስ? ማንም ውኃ ሳያቀብለን፣ ማንም ትራሳችንን ሳያስተካክልልን፣ ማንም ዓይናችንን ሳይከድንልን ቢወስደንስ? እንደዚያ ነው የፈለግነው? ፍሩት ይህን ጸሎት።

እንግዲህ ዛሬ እንለውጠው። እኔ ልበል፣ እናንተ ተከተሉኝ። ጌታ ሆይ፣ የማስቸግረው ሰው አታሳጣኝ።

ድምፃችሁ አነሰ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ እኔም ገና አልለመድኩትም። እንደገና እንበለው።