በገዛ ስሟ የሳቀችው ልብስ ሰፊ

ይህን ማውራት የባለሥልጣንን ክብር እንደሚነካ አውቃለሁና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የአንድ ወረዳ ሥራ አስኪያጅ የሆኑት አቶ ደምሰው፣ በወረዳው የፌስቡክ ገጽ ላይ «ውሃ በሁሉም ሰፈር ገብቷል» ብለው ለጠፉ። ቧንቧዋ ሦስት ሳምንት ጠብ ያላለላት አንዲት ልብስ ሰፊ የሳቅ ምልክት ተጫነች። በማግስቱ አቶ ደምሰው ቢሮ ተጠራች።

«ሕዝቡ ‹በርቱ› እያለን አንቺ ትስቂብናለሽ? ሕዝቡን ይቅርታ ካልጠየቅሽ የምትሠሪበት ሼድ ይታሸጋል!»

«ጌታዬ፣ የሳቅነው እኮ ዘጠና ነን። ምነው እኔ ብቻ ተጠራሁ?»

«ሌሎቹ የውሸት ስም ናቸው፤ አይቆጠሩም። በገዛ ስምሽና በፎቶሽ የገባሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«‹በርቱ› ያሉትስ?»

አቶ ደምሰው ወደ ሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ዞሩ። ኃላፊው ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብሎ፣ «የእነሱንም አካውንት የከፈትነው እኛው ነን» አለ። ሹክሹክታው እስከ በሩ ተሰማ።

«እንግዲያማ ሕዝቡ እኔ ብቻ ነኛ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ይቅርታውን ራሴን ጠይቄ፣ ራሴን ይቅር ብያለሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ‹ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ስቋል› ተብሎ ይያዝልኝ።»

ሼዱ እስካሁን አልታሸገም። እናንተም አደራ፣ ይህን ለማንም እንዳታወሩ፤ ካወራችሁም በስማችሁ አይሁን።